ዋጋ ተቀብሎ ዕቃ ስላላስረከበ ነጋዴ

ለዓለማት ፈጣሪ ለአላህ ምስጋና ይገባው። በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሶላትና ሰላም ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤ ሙስሊሞች ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን በገበያ ዘወትር የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ለነጋዴ ገንዘቡን አስቀድሞ ከከፈለ በኋላ ቀኑ ደርሶ ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር መብቱ ምንድን ነው? ገንዘቡንስ በምን መንገድ ያስመልሳል? ገንዘብ የተቀበለውስ በአላህ ዘንድና በሰው ዘንድ ምን አለበት? የሚል ነው።

ይህን ማወቅ ለሚነግድ ሁሉ ግዴታ ነው። በዚህ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤቱ ይኳረፋል፤ በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን የሰገዱ ሰዎች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ከመስጊድ ይወጣሉ። ገንዘቡ የቀረበት ሰው በቁጣ ተነሥቶ ከመብቱ በላይ ይጠይቃል፤ የተቀበለውም በሐፍረት ይሸሸጋል፤ ዕዳውም በመሸሸጉ አይቀንስም። ሁለቱም ድንበራቸውን ቢያውቁ ግን አብዛኛው ጠብ ገና ሳይጀመር ይበርድ ነበር።

አንደኛ ክፍል፤ አስቀድሞ ስለሚከፈል ሽያጭ

ዋጋው ዛሬ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ የሚሰጥበት ሽያጭ በሸሪዓ ቋንቋ «ሰለም» ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በገቡ ጊዜ የከተማይቱ ሰዎች የአንድና የሁለት ዓመት የፍሬ ዋጋ አስቀድመው ይከፍሉ ነበር። እርሳቸውም ንግዱን አልከለከሉም፤ ነገር ግን ሥርዓት አበጁለት። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ተይዞ በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፥ እንዲህ ያለ ሽያጭ የሚያደርግ ሰው ስፍሩን፥ ሚዛኑንና የርክክቡን ቀን ለይቶ አሳውቆ እንዲያደርግ አዘዙ።

በእጅ የሌለን ዕቃ መሸጥ በመሠረቱ የተከለከለ ነው። ሰለም የተፈቀደው ስለ ሰዎች ችግር ነው። የዚህን ጥበብ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። በቢቸና ዙሪያ፥ በእነማይና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች፥ ገበሬው ጤፉን የሚዘራው በክረምት ነው፤ የሚያጭደውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ለማዳበሪያና ለቤተ ሰቡ ቀለብ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ነጋዴው በበኩሉ በበጋ የሚሸጠውን እህል አስቀድሞ ማግኘት ይፈልጋል። በሰለም ሽያጭ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ እጅ ይድናል፤ ነጋዴውም እህሉን በሚያውቀው ዋጋ ያገኛል።

ነገር ግን ሰለም የሚጸናው በሥርዓቱ ሲደረግ ነው። ሥርዓቶቹም እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ዋጋው በስምምነቱ መቀመጫ ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ኢማም ማሊክ እስከ ሦስት ቀን ቢዘገይ ፈቅደዋል።

2ኛ. ዕቃው በዓይነትና በጥራት ይገለጻል፤ እንደ ነጭ ጤፍ፥ ሠርገኛ ጤፍ፥ እንዲህ ያለ ጨርቅ፥ የዚህ ፋብሪካ ቆርቆሮ።

3ኛ. መጠኑ በኩንታል፥ በሜትር ወይም በቁጥር ይወሰናል።

4ኛ. የርክክቡ ቀን ይታወቃል። «መኸር ሲገባ» ወይም «መንገድ ሲከፈት» የሚል ቃል ለክርክር በር ይከፍታል።

5ኛ. ዕቃው የሚረከብበት ስፍራ ይነገራል።

ከእነዚህ ጋር አንድ ነገር በልብ ይያዝ። ሰለም የሚደረገው በሻጩ ኀላፊነት ላይ ነው እንጂ «በእገሌ ማሳ ላይ በሚበቅለው ጤፍ» ላይ አይደለም። ማሳው በበረዶ ቢመታ ዕቃው ይጠፋልና። ዕዳው በሻጩ ትከሻ ላይ ከሆነ ግን፥ የራሱ ማሳ ባይሰጥ እንኳ ከገበያ ገዝቶ ማስረከብ አለበት። የሚከተለው ፍርድ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ሁለተኛ ክፍል፤ ከፋዩ ምን ይገባዋል?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የቢቸና ባለመደብር በሰኔ ወር 200,000 ብር ይከፍላል። ሻጩም 20 ኩንታል ነጭ ጤፍ በጥር 15 ቀን በመደብሩ ሊያስረክበው ይስማማል። ጥር 15 ደረሰ፤ ጤፉ አልመጣም።

ሊቃውንት እንዳስተማሩት ከፋዩ በሁለት ነገር መካከል ይመርጣል። ወይ ስምምነቱን አጽንቶ 20 ኩንታሉን ይጠብቃል፤ ወይ ስምምነቱን አፍርሶ የከፈለውን 200,000 ብር ይቀበላል። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በጥር የጤፍ ዋጋ ወደ 12,000 ብር ወጥቶ እንደ ሆነ ከፋዩ «ጤፉን ተወው፤ የዛሬውን ዋጋ 240,000 ብር ስጠኝ» ይላል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ከልክለዋል። 200,000 ብር ሰጥቶ ከወራት በኋላ 240,000 ብር መቀበል በመካከሉ ጤፍ ስላልገባ ብርን በብር ማብዛት ይሆናል፤ ይህም የአራጣ ፊት ነው። ጤፉን ራሱን ቢጠብቅ ግን ገበያው በሰጠው ትርፍ መጠቀም ሐላሉ ነው፤ ዋጋው ቢወርድም ኪሣራው የእርሱ ነውና።

በዘመናችን ስለ ብር አቅም መዳከም የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሱቁ ይሰማል። «ከዓመት በፊት የሰጠሁት ብር ዛሬ ያንኑ ዕቃ አይገዛም፤ እንዴት ያንኑ ቁጥር እቀበላለሁ?» ይላሉ። ዓለም አቀፉ የእስላም ፊቅህ ጉባኤ በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኩዌት ተሰብስቦ፥ የጸና ዕዳ የሚመለሰው በዋጋው ሳይሆን በአምሳያው ነው ብሎ ወስኗል። እንግዲህ ገንዘቡን የመረጠ ሰው የሰጠውን ቁጥር ይቀበላል። የብሩን መዳከም የሚፈራ ደግሞ ምርጫው በእጁ ነው፤ ዕቃውን አጥብቆ ይያዝ። ቀኑ ባለፈ ጊዜ በቁጣ «ብሬን መልስ» ከማለቱ በፊት የትኛው እንደሚሻለው አስቦ ይምረጥ፤ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙበት በኋላ የፈረሰ ሽያጭ በአንደኛው ፈቃድ ብቻ አይታደስምና።

ሦስተኛ ክፍል፤ ዕቃውን ስላላስረከበ ሰው

ሙስሊሞች ሆይ! ዕቃ ያላስረከበ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት ነው፤ ፍርዱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሳይለዩ መፍረድ በደል ነው።

የመጀመሪያው ኖሮት የሚያዘገይ ነው። ጤፉ በጎተራው አለ፤ ዋጋው እስኪጨምር ይጠብቃል። ወይም ገንዘቡ በባንክ አለ፤ «ነገ ና» እያለ ያመላልሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑን አስተምረዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡትም እንዲህ ያለው ሰው በፍርድ ፊት መከሰሱና መቀጣቱ እንደሚፈቀድ ተመልክቷል። «ጤፍ ተወደደብኝ፤ በተስማማሁበት ዋጋ ብሰጥ እከስራለሁ» የሚል ምክንያት በሸሪዓ አይሰማም። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1794 ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ወይም መቀነስን ከዐቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች አውጥቶታል።

ሁለተኛው በእውነት የተቸገረ ነው። በእነቢቸናና በእነሞጣ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል፤ ተቃጥለዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘግተዋል፤ የተጫነ ዕቃም በየመንገዱ ቆሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ የደንበኛ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃው የነደደበት ነጋዴ ምን ይሁን?

መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ ዕዳው አይፋቅም፥ ጊዜው ግን ይራዘማል። ዕቃው በሻጩ ኀላፊነት ላይ ስለ ሆነ የሱቁ መቃጠል ዕዳውን አያነሣለትም። ነገር ግን ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ምሮ መተውም ለተበዳዩ የበለጠ መሆኑን ያሳውቃል። የተቸገረውን ማስጨነቅ፥ በአደባባይ ማዋረድ፥ የመኖሪያ ቤቱንና የልጆቹን ጉርስ መቀማት አይፈቀድም።

በሙስሊም የሐዲስ መጽሐፍ አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ታሪክ ለዚህ መልካም መመሪያ ነው። አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ተበላሽቶበት ዕዳው በዛ። ነቢዩም ሕዝቡ ሶደቃ እንዲሰጡት አዘዙ፤ ሰዎቹም ሰጡ፤ ገንዘቡ ግን ዕዳውን ለመሙላት አልበቃም። በዚያን ጊዜ ነቢዩ አበዳሪዎቹን ያገኙትን እንዲወስዱ፥ ከዚያ በላይ ግን እንደማይገባቸው ነገሯቸው። ከዚህ የምንማረው የተቸገረ ነጋዴ ጉዳይ የእርሱና የከፋዩ ብቻ አለመሆኑን ነው። በሱረቱ አት-ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ዘካት ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው። ሱቁ በተቃጠለበት ወንድማችን ላይ የጣልነው መዋጮ ሁለት ቤት ያድናል፤ የእርሱን ቤትና ገንዘቡን የሚጠብቀውን ሰው ቤት።

ሦስተኛው አታላይ ነው። ገንዘቡን ሲቀበል ዕቃ የለውም፥ የማምጣትም ሐሳብ የለውም። በቡኻሪ ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደውን አላህ እንደሚከፍልለት፥ ሊያጠፋ አስቦ የወሰደውን ግን አላህ እንደሚያጠፋው አስጠንቅቀዋል። ይህ ሰው ከዕዳ ጉዳይ አልፎ ወደ ወንጀል ገብቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። ዕቃ ስለ ዘገየ ብቻ ግን ሰውን «አታላይ» ብሎ ለፖሊስ ማመልከት በደል ነው፤ ወንጀሉ ያለው በተዋዋሉበት ሰዓት በተነገረ ውሸት ነውና።

ነጋዴው ከብዙ ሰዎች ገንዘብ ተቀብሎ የከሰረ እንደ ሆነስ? በአገራችን የታየ ነው። እንደ አባይና አዋሽ ያሉ የወንዝ ስሞችን የሰጣቸውን መኪናዎች ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ሲከስር፥ አስቀድመው ከፍለው መኪናቸው ያልደረሳቸው ደንበኞች ነበሩ። በሸሪዓ ሕግ በከሰረ ሰው እጅ የገዛ ዕቃውን ሳይለወጥ ያገኘ ሻጭ ከሌሎች ይቀድማል። ገንዘብ የከፈሉ ግን ብራቸው ከሌላው ብር ጋር ተቀላቅሏልና የቀረውን ሀብት እንደየዕዳቸው መጠን ይካፈላሉ። ቀድሞ በር ሰብሮ የገባው ሁሉንም ሊወስድ አይገባውም፤ የወሰደው የባልንጀራውን ድርሻ ነው። ነጋዴዎችም ከዚህ ተማሩ፤ የኋለኛውን ደንበኛ ገንዘብ ለፊተኛው ደንበኛ ዕቃ መግዣ ማድረግ የኪሣራ መንገድ ነው።

አራተኛ ክፍል፤ ገንዘብን የማስመለስ ሥርዓት

መብቱን የሚፈልግ ሰው በደረጃ ይሂድ።

በመጀመሪያ በመልካም ቃል ይጠይቅ። አንድ ሰው ነቢዩን ዕዳ ሲጠይቅ በቃሉ አከረረ፤ ባልደረቦቻቸውም ሊቆጡት ተነሡ። ነቢዩ ግን ባለመብት የመናገር መብት እንዳለው ነግረው ከለከሏቸው፤ ከሰጣቸው የተሻለ ግመልም አስከፈሉት። እንግዲህ ባለዕዳው ተጠየቅሁ ብሎ አይቆጣ፤ ጠያቂውም አይሳደብ።

ሁለተኛ፥ በጽሑፍ ያስጠንቅቅ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ባለገንዘቡ መብቱን ከመጠየቁ በፊት ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። በቁጥር 1774ም የመጨረሻ ቀን ቆርጦ፥ ከዚያ ወዲያ ዕቃውን እንደማይቀበል ሊያስታውቅ ይችላል። ይህ ከሸሪዓ ምርጫ ጋር ይስማማል፤ ዕቃውን ወይስ ገንዘቡን እንደ መረጠ በጽሑፉ በግልጥ ይናገር። የጽሑፉን ግልባጭ ያስቀር።

ሦስተኛ፥ ሽማግሌ ይቀመጥ። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በመስጊድ ውስጥ ኢብኑ አቢ ሐድረድን ዕዳ ሲጠይቁ ድምፃቸው ከፍ አለ። ነቢዩም ከቤታቸው ወጥተው ለከዕብ ግማሹን እንዲተው በእጃቸው ጠቆሙት። እሺ ባለ ጊዜ ባለዕዳውን ተነሥቶ እንዲከፍል አዘዙት። ሽማግሌዎቻችን ከዚህ ሁለት ነገር ይማሩ። አንደኛ፥ ባለመብቱ የሚተወው በፈቃዱ ነው፤ በማሳፈር «ተውለት» ማለት እርቅ አይደለም። ሁለተኛ፥ እርቁ ባለቀበት ሰዓት ክፍያው ይጀመር፤ ቀን ያልተቆረጠለት እርቅ ዕዳውን ከማራዘም በቀር ጥቅም የለውም።

አራተኛ፥ እርቅ ካልሆነ ወደ ዳኛ ይሂድ። ብዙ ሙስሊሞች ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ግን ሥልጣናቸው በጋብቻ፥ በፍቺ፥ በቀለብ፥ በውርስ፥ በስጦታና በወቅፍ ላይ ነው፤ ይህም ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ነው። የገበያ ዕዳ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እንደ ገንዘቡ መጠን በወረዳ ወይም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ይቀርባል። ዳኛው ውሉን ሲያፈርስ፥ በቁጥር 1815 እንደተደነገገው፥ ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ውል ከመዋዋላቸው በፊት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ባለዕዳው ሀብቱን እያሸሸ እንደ ሆነ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር መጠየቅ ይቻላል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመሠረቱ እስከ አሥር ዓመት ይቀርባል፤ ቢሆንም ምስክር ይሞታል፥ ወረቀትም ይጠፋልና አትዘግዩ።

በዚህ ስፍራ የምእመን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአገሩ ሕግ በዘገየ ገንዘብ ላይ በዓመት ከመቶ ዘጠኝ ወለድ ይፈቅዳል። ሙስሊም ግን ወለድን አይጠይቅም። ዋናውን ገንዘቡን ይጠይቅ። ያለው ባለዕዳ በማመላለሱ ያስወጣውን የክስ ወጪ መጠየቅን ግን ከሊቃውንት የፈቀዱ አሉ።

አምስተኛ ክፍል፤ አስቀድሞ መጠንቀቅ

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ዕዳ እስከ ጊዜው መጻፉን እንዳንሰለች ያስተምረናል። እኛ ግን «እርሱ ዘመዴ ነው፤ ብጽፍ ያዝንብኛል» እንላለን። መጻፍ አለመታመን አይደለም፤ ወዳጅነትን ከሸይጧን መጠበቅ ነው። የተጻፈ ነገር ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ለወራሾቹ ይናገራልና።

በድሮ ዘመን የጀበርቲ ነጋዴዎች ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥተው፥ አባይን ተሻግረው፥ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ወደ ጊቤ አገሮች ይወስዱ ነበር፤ ቡናና ዝባድም ያመጡ ነበር። ከወራት መንገድ በኋላ ለሚመለስ ሰው ገንዘብ አደራ የሚሰጠው በመታመን ነበር። ዛሬ ገንዘብ በስልክ በአንድ ቅጽበት ይሄዳል፤ ሰውየውንም ሳናውቀው እንከፍላለን። ስለዚህ የሚከተሉትን ጠብቁ።

ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲደረግ የክፍያው ምክንያት ይጻፍ፤ «20 ኩንታል ነጭ ጤፍ፥ ጥር 15» የሚል አንድ መስመር ብዙ ምስክር ይተካል። የሽያጭ ዋጋን «ብድር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ብድርና ሰለም ፍርዳቸው የተለያየ ነው፤ በብድር ዕቃ መጠየቅ አይቻልምና። እንዲሁም ሙሉ ዋጋን «ቀብድ» አትበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህን እጥፍ ከአራጣ ለመራቅ የሚጠነቀቅ ሰው አይወስደውም፤ የሰጠው ይበቃዋል። በብዙ ገንዘብ ስትስማሙ ዋስ ወይም መያዣ ጠይቁ። ነቢያችን ራሳቸው ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ ገዝተው የብረት ጥሩራቸውን መያዣ አድርገዋል፤ እርሳቸው ያላፈሩበትን እኛ ልናፍርበት አይገባም።

ማጠቃለያ

የተቀበላችሁ ነጋዴዎች ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፥ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ አልሰገዱበትም። ዕዳው ጥቂት ዲናር ብቻ ነበር። ዕቃው ከዘገየባችሁ ከደንበኛችሁ አትሸሸጉ፤ ስልካችሁን አትዝጉ። ሄዳችሁ ያለውን እውነት ንገሩት፤ ቀን ቁረጡለት፤ ካላችሁ ጥቂት ጥቂቱን ክፈሉ። ዕዳችሁንም በኑዛዜያችሁ ጻፉ።

የከፈላችሁ ወገኖች ሆይ! መብታችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕቃችሁን ወይም ገንዘባችሁን ትቀበላላችሁ፤ ከዚያ በላይ አትመኙ። ያለውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የተቸገረውን ታገሡ፤ የማይችለውን ከማራችሁ ዋጋችሁ አይጠፋም። በንግዱ የተቸገሩትን ይምር የነበረ አንድ ሰው በዚያ ሥራው ምሕረት ማግኘቱ በሐዲስ ተነግሯልና።

አላህ ሆይ! ገበያችንን ከማታለል፥ ምላሳችንን ከሐሰት፥ ትከሻችንንም ከዕዳ ጠብቅልን። ለተቸገሩት መውጫ፥ ለተበደሉት ፍትሕ ስጣቸው። አሚን።